የማውቀው ፊልም በማላውቀው ቋንቋ



«የኢየሱስ ፊልም» እያልን የምንጠራውን ፊልም ስንት ጊዜ አይታችሁታል? እኔ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። በወጣቶች ኅብረት አይቼዋለሁ፤ በስብከተ ወንጌል ዘመቻ ላይ አይቼዋለሁ፤ ልጆቼን አስቀምጬም በቤቴ አይቼዋለሁ። ጴጥሮስ መረቡን ሲጥል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ዶሮው ከመጮሁ በፊትም እንባዬን አዘጋጃለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ግን ይህንኑ ፊልም አሶሳ ከተማ ውስጥ አንድም ቃል ሳልሰማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ፊልሙ የተነገረው በጉሙዝኛ ነበር። ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ያን ምሽት የሰማሁት ይመስለኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። አስቀድሜ ግን ወደዚያ አገር ለመሄድ ሃያ ዓመት ለምን እንደዘገየሁ መናገር አለብኝ፤ ይህን ዘልዬ የቀረውን ብጽፍ እውነተኛ አልሆንም።

እምቢ ያልኩበት ዓመት

በ1997 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ገና ዓመታችን ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ባለቤቴን ጠርተው መተከል ወርዶ በጉሙዝ ወገኖቻችን መካከል እንዲያገለግል ጠየቁት። ባለቤቴ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ ቤት መጣና ነገረኝ። እኔ ግን ወባውን አነሣሁ፤ ያረገዝኩትን ልጅ አነሣሁ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ትምህርቴን አነሣሁ። ሁሉም እውነት ነበር፤ ሁሉም ግን ምክንያቴ አልነበረም።

የተወለድኩትና ያደግሁት ቻግኒ ነው። ቻግኒን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ በገበያ ቀን የጉሙዝ ሴቶች ከቆላው ይወጣሉ። በትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው፣ ሚዛኑ ሳይዛነፍ፣ ኮረብታውን ሲወጡ ማየት ያስደንቅ ነበር። እኛ ልጆች ግን አናደንቅም። ከኋላቸው እየተከተልን በዚያ እናንተም በምታውቁት፣ እኔ ግን በዚህ ገጽ ላይ በማልጽፈው ስም እየጠራን እንስቅባቸው ነበር። የሚገሥጸን አዋቂ አልነበረም፤ ስሙን ያስተማሩን አዋቂዎቹ ነበሩና። በኋላ ጌታን ተቀበልኩ፤ ተጠመቅኩ፤ ሥነ መለኮት ተማርኩ። ያ ስም ከአፌ ወጣ፤ ከልቤ ግን መውጣቱን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልመረመርኩም።

ከዚያ ደግሞ 2013 ዓ.ም. መጣ። በመተከል የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ከመተከል የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ ላይ ራንች በሚባለው ቦታ በመጠለያ ሰፈሩ። ከእነዚያ መካከል የአክስቴ ልጅ ሚስትና ልጆችዋ ነበሩ። እርሱ ግን አልነበረም። አስከሬኑንም አላገኘነውም።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ባለቤቴ በአሶሳ ለጉሙዝ ወንጌላውያንና ለባለቤቶቻቸው በሚሰጥ ሥልጠና ላይ እንዲያስተምር ተጋብዞ «አንቺም ሴቶቹን ብታስተምሪ» ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ መገመት ትችላላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ለማለት አፍሬ ሄድኩ። ከእምነት አልነበረም።

አሶሳ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አልፎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወለጋ መንገድ ላይ በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት እኛ የሄድነው በአውሮፕላን ነው። ከላይ ሲታይ ምድሩ ቀይ ነው፤ በቀዩ ምድር ላይ ጥቁር አረንጓዴ የማንጎ ዛፎች ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ከተማው ውስጥ ስትገቡ ማንጎው ጥላችሁ ይሆናል። በሚያዝያ ፍሬው ደርሶ ስለነበር ልጆች ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ፤ ሴቶች በሳህን ደርድረው ይሸጣሉ። መንገድ ዳር በቀርከሃ የተሠሩ ወንበሮችና አልጋዎች ተደርድረዋል። የበርታ እናቶች ደማቅ ቀለም ያለው ቶብ ተከናንበው ያልፋሉ፤ ሰላምታቸው ውስጥ ዓረብኛ ይሰማል፤ ሱዳን ሩቅ አይደለችም። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆችም እዚሁ ናቸው። ኩርሙክን ተሻግረው የመጡ ስደተኞችም በኡራ መጠለያ አሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ከተነሣው ጦርነት የሸሹ ናቸው።

ብዙዎቻችን ይህን ክልል የምናውቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የህዳሴ ግድብ ነው። ግድቡ ያለው በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። ነገር ግን የክልሉ ሕገ መንግሥት በስም የሚጠራቸውን አምስቱን ነባር ሕዝቦች ቁጠሩ ብንባል ስንቶቻችን እንቆጥራለን? በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ አድጌ አራተኛውንና አምስተኛውን የተማርኩት አሶሳ ነው።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የአሶሳ ገዥ ከነበሩት ከሼክ ሆጀሌ ነው። ከዚህ አገር ወደ መሀል አገር ይወጣ የነበረው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። የጉሙዝ ሕዝብ ከደጋው እየሸሸ ወደ ቆላው የወረደበት አንዱ ምክንያት ባሪያ ፈንጋዮች ናቸው። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ይህም የአያቶቻችን ዘመን ነው። እኛ በገበያ የምንጠራው ያ ስም ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

የእኛ የወንጌል ታሪክም ወደዚህ ምድር ተጠግቶ ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠውና ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1882 ከስዊድን ሚስዮናውያን ጋር በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ሊገባ ሞክሮ ነበር። እስከ ፋማካ ደርሰው መንገዱ ስላልተከፈተላቸው ተመለሱ። ኦነሲሞስ ግን በመንገድ ያልደረሰበትን በብዕር ደረሰበት፤ እርሷም ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ለተሸጡ ልጆች ቃሉ በእናታቸው ቋንቋ መድረሱ ምን ማለት እንደሆነ እነርሱ ያውቁታል።

ፊልሙ እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ፊልሙ ልመልሳችሁ። የእርሱንም አሠራር ብታውቁት ያን ምሽት የሆነው ይገባችኋል።

ጆን ሄይማን የሚባል የፊልም አዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ፤ ቤተሰቡም ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። ይህ ሰው አድጎ ስመ ጥር የፊልም ባለሙያ ከሆነ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን መጽሐፍ በመጽሐፍ ወደ ፊልም የመለወጥ ትልቅ እቅድ ያዘ። ገንዘቡ ግን አልበቃውም። በሌላ በኩል የካምፓስ ክሩሴድ መሥራች ቢል ብራይት ስለ ጌታ ኢየሱስ ሕይወት ፊልም እንዲሠራ ለብዙ ዓመታት ሲመኝና ሲጸልይ ነበር። ሁለቱ ተገናኙ።

ስለ ጌታ ሕይወት ከዚያ በፊትም ትልልቅ ፊልሞች ተሠርተዋል። ብዙዎቹ ከአራቱም ወንጌላት እየቀነጨቡ፣ ደራሲው የመሰለውን ንግግር እየጨመሩ የተሠሩ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ወንጌል ብቻ ይዘን እርሱን እንከተል አሉ፤ የሉቃስን። ሉቃስ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ነገሩን ከዓይን ምስክሮች ተቀብሎ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ መርምሮ፣ በተራ እንደጻፈ ይነግረናል (ሉቃ. 1፥1-4)። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ጌታ የሚናገረው ከሞላ ጎደል ሁሉ በሉቃስ ወንጌል ያለው ነው።

ቀረጻው እ.ኤ.አ. በ1978 በእስራኤል አገር ተካሄደ። ዳይሬክተሮቹ ፒተር ሳይክስና ጆን ክሪሽ ነበሩ። ጌታን ሆኖ የተጫወተው ብራያን ዲከን የሚባል እንግሊዛዊ የመድረክ ተዋናይ ሲሆን፣ ሌሎቹ ተዋንያን ከሞላ ጎደል የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ሕዝቡን ሆነው ቆሙ። ልብሱ፣ ሸክላው፣ ቤቱ ሁሉ የመጀመሪያውን መቶ ዓመት እንዲመስል ብዙ ተደከመበት። የኤሌክትሪክ ምሰሶ በሚታይበት አገር ምሰሶ የሌለበትን ዘመን ማሳየት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ አስቡት። ወጪው 6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዋርነር ብራዘርስ አከፋፋይነት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ታየ።

በሲኒማ ቤት ታይቶ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ብዙዎቻችን ስሙንም ባላወቅነው። ታሪኩ የተለወጠው ወደ ሌሎች ቋንቋዎች መመለስ ሲጀምር ነው። አንድን ወንጌል ብቻ መከተሉ እዚህ ላይ ጠቀመ፤ በአንድ ቋንቋ የሉቃስ ወንጌል ከተተረጎመ የፊልሙ ጽሑፍ አብዛኛው ተዘጋጀ ማለት ነው። ዛሬ ከ2,000 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይገኛል፤ በዓለም ላይ የዚህን ያህል የተተረጎመ ፊልም የለም። 2,000ኛው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጠናቀቀው የኢኳዶሩ ዋኦራኒ ነው። ዋኦራኒዎችን ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1956 ጂም ኤሊየትንና አራት ጓደኞቹን በጦር የገደሉት ናቸው። የጂም ባለቤት ኤልሳቤጥ ከሁለት ዓመት በኋላ ትንሽ ልጇን ይዛ ከእነዚያው ሰዎች መካከል ሄዳ ኖረች። ይህን ታሪክ ለእህቶች ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ስታስተምሩት ቀላል ነው።

ዶሮ እስኪያቆም

በአሶሳ በዚህ የድምፅ ሥራ ውስጥ ያለፈ አንድ ወንድም አገኘሁ። «እኛ እንግሊዝኛውን አናይም፤ አፉን ነው የምናየው» አለኝ። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት የእነርሱ ቃል መጀመር አለበት፤ አፉን ሲዘጋ ማለቅ አለበት። ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ረዝሞ ከተገኘ እውነቱ ሳይነካ እንዲያጥር ይደረጋል፤ ካጠረም እንዲሁ። ከዚያም የተተረጎመውን ሌላ ሰው ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ ይተረጉመውና ስሕተት እንደሌለበት ይመረመራል።

ድምፅ የሚሰጡት ተዋንያን አይደሉም፤ ገበሬዎች፣ አስተማሪዎች፣ እናቶች ናቸው። ማንበብ የማይችል ካለ ቃሉ በጆሮው ይነገረዋል፤ እርሱም ስሜቱን ጨምሮ ይደግመዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ ሊደገም ይችላል። ስቱዲዮው አንድ ክፍል ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ በግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሰቀላል። በቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከመጣ ሥራ ይቆማል። አህያ ካናፋ ይቆማል። «ጴጥሮስ በሚክድበት ቦታ ዶሮ እንፈልጋለን፤ በሌላው ቦታ ሁሉ ዶሮ እስኪያቆም እንጠብቃለን» ብሎ አሳቀኝ።

ሳቄን ስጨርስ ግን እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ እዚህ አገር ሁሉም ሰው አማርኛ ይሰማል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሰዎች 'ምን አደከማችሁ? በአማርኛ አለላችሁ አይደለም?' ይሉናል። በአማርኛ ገበያ እንገበያያለን፤ በአማርኛ እንከሳለን፤ በአማርኛም ተሰድበናል። ጌታ ግን በእናቴ ቋንቋ ሲናገር መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ፣ እርሱም እኛን የሚያውቀን መሰለኝ።»

«በአማርኛም ተሰድበናል» ያለው ስለ እኔ መሆኑን አላወቀም።

ያ ምሽት

ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፊልሙ በጉሙዝኛ ታየ፤ ወንጌላውያኑ ወደየመንደራቸው ይዘውት ከመመለሳቸው በፊት አብረው እንዲያዩት ነው። አርባ ያህል ነበርን፤ ከካማሺም፣ አባይን ተሻግረው ከመተከልም የመጡ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ተነሣ። ባለቤቴ ከወንዶቹ ጋር ፊት ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ ጋር፣ በምንጣፍ ላይ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ የሚሆን ልጅ ካዘለች እህት አጠገብ ተቀመጥኩ። ከመተከል መምጣቷን በትምህርቱ ጊዜ ሰምቼ ስለነበር እስከዚያ ቀን ድረስ ከእርስዋ ርቄ ነበር የምቀመጠው። ያን ዕለት ሌላ ቦታ አልነበረም።

ፊልሙ ተጀመረ። ምስሉን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ ግን ዝግ ነው። ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እንደ ጎበዝ ተማሪ በልቤ በአማርኛ ስሞላው ቆየሁ። ቀስ በቀስ ደከመኝ። ሰዎቹ በአንድነት «እ!» ይላሉ፤ እኔ ለምን እንዳሉ አላውቅም። ዘኬዎስ ዛፍ ላይ ሲወጣ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቦታ ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም። «ምን አለ?» ብዬ አጠገቤ ያለችውን እህት ጠየቅኋት። ተጠግታ በጆሮዬ ታንሾካሹክልኝ ጀመር። ቃሉ ከአንሶላው ወጥቶ፣ በእርስዋ አልፎ፣ ዘግይቶና ተቆራርጦ ይደርሰኛል። ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ እኔ እጀምራለሁ።

አንባቢዬ፣ ያኔ ገባኝ። የጉሙዝ እናቶች፣ የበርታ እናቶች፣ ወደ ከተማችን የመጡ የገጠር እናቶች ሁሉ በእኛ ጉባኤ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እንደዚህ ነው። ሌሎች «አሜን» ካሉ በኋላ አሜን ይላሉ። እኛም «ዝምተኞች ናቸው» እንላለን።

ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ መተርጎሟን አቆመች። ዞር ብዬ አየኋት። «ይህን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። አዎን፣ አውቀዋለሁ። የተደበደበው ሰው፣ ያለፉት ካህንና ሌዋዊ፣ ከማይወደድ ወገን መጥቶ ያነሣው (ሉቃ. 10፥25-37)። ስንት ጊዜ ስሰብከው ሁልጊዜ ራሴን በሳምራዊው ቦታ አቆም ነበር። ያን ምሽት ግን መንገድ ዳር ወድቄ፣ የምሰማው አጥቼ፣ በጆሮዬ ዘይት የምታፈስስልኝ ማን እንደሆነች አየሁ።

ጌታ ሲሰቀል ግቢው ጸጥ አለ፤ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። በመስቀሉ ላይ ሆኖ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል መጠየቅ አላስፈለገኝም (ሉቃ. 23፥34)። እርስዋ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግታ በአጭሩ «አባቱን እየለመነላቸው ነው» አለችኝ። ቀጥሎም «ለገዳዮቹ» ብላ ጨመረች። እንደማላውቅ ቆጥራ ነበር የነገረችኝ። ትክክል ነበረች።

ብርጭቆ ስናጥብ

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሻይ ቀረበ። ሰው ሲበተን እኔና እርስዋ ብርጭቆ ለማጠብ ቀረን። ልጁ በጀርባዋ ተኝቷል። እኔ አጥባለሁ፤ እርስዋ ታለቀልቃለች። በ2013 ዓ.ም. ምን እንደደረሰባት ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ወንድሟ ገበያ እንደወጣ አልተመለሰም። ቤታቸው ተቃጥሏል። ከልጆችዋ ጋር ጫካ ውስጥ ወራት አሳልፋለች። እኔ ስለ መተከል ሳስብ የማለቅሰው በአንድ ወገን ለሞቱት ብቻ ነበር፤ ሬሳ ያላገኘ ቤት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔም ስለ አክስቴ ልጅ ነገርኳት። እጅዋን ከውኃው አወጣች። ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ከዚያ ቻግኒን ነገርኳት፤ ገበያውን፣ ኮረብታውን፣ ከኋላ እየተከተልን የምንጠራውን ስም። «እናትሽ ትሆናለች ከእነዚያ አንዷ» አልኳት፤ «ይቅር በይኝ።»

ወደ ላይ ቀና ብላ አየችኝና «እኛም ልጅ ሲያለቅስ 'ዝም በል፣ ቀዩ ሰው ይመጣል' እንላለን» አለችኝ። ቀዩ ሰው ማለት እኛ ነን። «ለዚህም ልጄ ብዬዋለሁ» ብላ ጀርባዋን አሳየችኝ። ሁለታችንም ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ያዘን።

በማግሥቱ ይህን ለአንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ ስንነግር፣ በጉሙዝ ባህል ማንግማ የሚባል የእርቅ ሥርዓት እንዳለ አስረዱን። የተጣሉ ወገኖች በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፤ ደም ከፈሰሰ ደሙ ይነገራል። «እናንተ ትናንት በሻይ ብርጭቆ ጀመራችሁት» አሉን፤ «ጀመራችሁ እንጂ አልጨረሳችሁም።» ይህን የምጽፍላችሁ ሁሉ ነገር ተፈጸመ ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። የገደለ በሕግ ፊት ሊቀርብ ይገባል፤ የተፈናቀለ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገባል። የእኔና የእርስዋ ይቅርታ ይህን አይተካም። ያለዚያ ይቅርታ ግን ሕጉ ብቻውን ጎረቤት አያደርገንም።

ለእናንተ ባልና ሚስቶች

በዚያ ሌሊት ለባለቤቴ የ1997ን እውነተኛ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። «ወባው አልነበረም» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «አውቅ ነበር» አለኝ። ለምን እንዳልጠየቀኝ ስጠይቀው፣ «ብጠይቅሽ እኔም ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ሄጄ ቢሆን ለማስተማር እንጂ ለመስማት አልሄድም ነበር» አለ። ሃያ ዓመት በአንድ አልጋ ላይ ተኝተን ይህን አልተነጋገርንም ነበር። ስለዚህ በትዳር ውስጥ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጌታ አንዳችሁን ወደ አንድ ቦታ ሲጠራ ሌላችሁ «እምቢ» ካላችሁ፣ ከቀረቡት ምክንያቶች በታች የተቀመጠ ሌላ ምክንያት እንዳለ በፍቅር ተጠያየቁ። ወባ መድኃኒት አለው። ያልተነገረ ንቀት ግን ራሱን የጥንቃቄ ልብስ አልብሶ ከእኛ ጋር ያረጃል።

በቤተ ክርስቲያናችሁስ ከኋላ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? የእናታቸውን ቋንቋ ስም ታውቃላችሁ? በአጠገባችሁ በሌላ ቋንቋ የሚያመልክ ጉባኤ ካለ አንድ ቀን አስተርጓሚ ሳትጠይቁ ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ድካሙን ቅመሱት። በቤታችሁም ስለ ሌላ ሕዝብ የምትናገሩትን ልጆቻችሁ እየሰሙ መሆናቸውን አትርሱ። እኔ ያን ስም የተማርኩት ከጠላት አይደለም፤ ከሚወዱኝ ሰዎች ነው።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ጌታ የተመላለሰበትን ምድር በትክክል ለማሳየት ብዙ ገንዘብ አወጡ፤ ብዙ ደከሙ። ይመስገኑ። ለእኔ ግን ጌታ በገሊላ እንደተመላለሰ ያመንኩት በአሶሳ ቀይ አፈር ላይ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ በአንዲት እናት ሹክሹክታ ነው።

ስንለያይ በጉሙዝኛ ሰላምታ አስተማረችኝ። ቤት ተመልሼ ለልጆቼ ስነግራቸው አፌ እየተኮላተፈ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ነገር ግን እየሳቁም ቢሆን ያንን ቃል ተምረውታል፤ እኔ በእነርሱ ዕድሜ የተማርኩት ሌላ ነበር።

ጌታ ልባችንን ያስፋልን፤ ጆሮአችንንም ይክፈትልን። አሜን።